ከኮንዶሚኒየሙ ጋር ያደጉ ወርክሾፖች

ጀሞ፣ ለቡ፣ ጎፋና መካኒሳ ላይ በረድፍ የቆሙት የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ሲነሱ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ዕጣና ስለ ባንክ ዕዳ ነው። የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን ያለፉ ሃያ ዓመታት ለሚያጠና ሰው ግን ከሕንፃዎቹ እኩል ሊነገር የሚገባው ሌላ ታሪክ አለ፤ ብሎኬት ያመረቱት፣ በርና መስኮት የበየዱት ማኅበራት ታሪክ።

አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ግንባታ የጀመረችው በ1996 ዓ.ም ነው። ብዙም ሳይቆይ በአገር ደረጃ የተዘረጋው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ከ400 ሺህ ቤቶች ጎን 200 ሺህ የሥራ ዕድልና 10 ሺህ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን በግቡ አካቶ ነበር። የአሠራር ምርጫውም ለዚህ ይመች ነበር። ወለሉ በፕሪካስት (ቀድሞ በተመረተ) ቢምና በመካከሉ በሚደረደር ብሎኬት ስለሚሠራ፣ ሥራውን ቆርሶ ለትንንሽ ቡድኖች ማከፋፈል ይቻላል። አንዱ ማኅበር ቢም ያወጣል፣ ሌላው ብረታ ብረቱን ይይዛል፣ ሌላው የመብራት መስመር ይዘረጋል።

ተደራጅተው የገቡት ወጣቶች አብዛኞቹ ጥሪት አልነበራቸውም። ያገኙት አጭር ሥልጠና፣ በብድር የሚመጣ ማሽን፣ በርካሽ የሚከራይ የቆርቆሮ ሼድና ከሁሉ በላይ የታወቀ ገዢ ነበር። የብሎኬት ሥራን በቅርብ ላየ ሰው የመጨረሻው ነገር ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከማሽኑ የወጣው ብሎኬት ወዲያው አይሸጥም፤ ለቀናት ውኃ እየጠጣ መጠንከር አለበት። በእነዚያ ቀናት የሲሚንቶውም የጉልበቱም ገንዘብ ግቢው ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጣል። ገዢው ካልታወቀ ጀማሪ ማኅበር ይህን መሸከም ይከብደዋል።

በሌላው ዓለም ይህን መሰል ድጋፍ የሚሰጥ ተቋም ኢንኩቤተር ይባላል። የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በባታቪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፈተ። አንድ ትልቅ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ተዘግቶ ብዙ ሰው ሥራ አጥቶ ነበር። ጆሴፍ ማንኩሶ የሚባል ነጋዴ ሕንፃውን ቆራርጦ ለትንንሽ ድርጅቶች አከራየ፤ የንግድ ምክርና የጋራ አገልግሎትም ጨመረላቸው። ከተከራዮቹ አንዱ ጫጩት አስፈልፋይ ነበር፤ ኢንኩቤተር የሚለው ስምም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል።

በስሙ የሚጠራው ዓይነት ማዕከል አዲስ አበባ ላይ የመጣው ዘግይቶ ነው። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 በልደታው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ተጀመረ፤ ብሉሙንን ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሥራች እሌኒ ገብረመድህን እ.ኤ.አ. በ2017 አቋቋሙት። እነዚህ ሐሳብ ይዞ ለሚመጣ ወጣት አማካሪና ባለሀብት ያገናኛሉ፣ ዕቅዱን እየፈተሹ ያስተካክላሉ። ሼዶቹ እንዲህ ያለ ቅርብ ምክር እምብዛም አልነበራቸውም። በአንጻሩ ገበያ በእጃቸው ነበር፤ ይህም ከምክር የበለጠ ክብደት ነበረው። ይሁን እንጂ ገዢው አንድ፣ እሱም መንግሥት ስለነበር፣ ግንባታው ሲቀዘቅዝ ማሽኑም አብሮ ይቆም ነበር። በደኅናው ጊዜ ለግል ቤት ሠሪ መሸጥ የለመዱት ይህን መሻገር ይቀላቸው ነበር።

ትልቁ ችግር ያለው ከሼዱ መውጫው ላይ ነው። የ2003ቱ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ተቋማቱን በደረጃ ከፍሎ ከጀማሪ ወደ ታዳጊ፣ ከዚያም ወደ የበቃ ደረጃ እንዲሸጋገሩ ያስባል፤ ሼድም የሚሰጠው ለተወሰነ ዓመት ነው። ነገር ግን የብየዳ ሥራ የሚሠራ ማኅበር ሼዱን ሲለቅ ሦስት ፌዝ መብራት፣ መኪና የሚገባበት ግቢና ጩኸቱን የሚታገሥ ጎረቤት ይፈልጋል። ለቡና ላፍቶ ላይ ይህን በግል ኪራይ ማግኘት ለትንሽ ወርክሾፕ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ብዙዎች ጊዜያቸው ካለፈም በኋላ እዚያው ቆዩ፤ አንዳንዱ ሼድም በውስጥ ለሦስተኛ ወገን ተከራየ። አስተዳደሩ በየጊዜው እያጣራ እንዲህ ያሉትን እየነጠቀ ለአዲስ ተደራጆች ሲሰጥ ቆይቷል፤ ለበቁት የሚሆን ቀጣይ ቦታ ግን በዚያው ልክ አልተሠራም።