ምልክቱ ቀርቶ ድምፁ ቢጠፋ

እ.ኤ.አ. በ1916 ዙሪክ ውስጥ ሦስት የዳዳ ከያንያን አንድ ግጥም በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ በአንድ ጊዜ አሰሙ። ቃሉ እርስ በርሱ ተዋጠና ድምፁ ቀረ። ጉድ ተባለ።

እኔን ይሄ ታሪክ የሚወስደኝ ደቡብ ጎንደር ነው። አንበሳሜ ላይ የሚያስቀድሰው ገበሬ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው፤ የሚሰማው ግን ግዕዝ ነው። ቃሉ ሁሉ ባይገባውም ጾሙን ከፋሲካው በዜማው ይለያል።

ዳዳዎቹ ድምፅን ከትርጉም ሊፈቱት ፈለጉ። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ድምፅን በቃል አሰሩት። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት የድጓ ምልክት፣ ከቃሉ በላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ፊደላት አሉት። ፊደላቱ ከሌላ ዜማ ቃል የተቆረጡ ናቸው፤ «እዚህም እንደዚያው በል» ይላሉ። ያንን ዜማ በጆሮው ያልያዘ ሰው ምልክቱን ቢያየውም አያዜመውም።

ተማሪው ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ የሚሄደውም ለዚሁ ነው። ብራናው ፎቶ ተነስቶ ስልካችሁ ላይ ቢገባ ጥሩ ነው። ዜማው ግን ያለው መምህሩ ጉሮሮ ውስጥ ነው። እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ የሚቀበል ከጠፋ፣ ፊደሉ እያለ ድምፁ ይሞታል።