የአገር ልጅ ክለብ፦ ከገና ሜዳ እስከ ወልድያ ስታዲየም

ቆቦ በፕሪሚየር ሊጉ የተሰለፈ የራሷ ክለብ ኖሯት አያውቅም። የራያ ቆላ ኳስ ወዳድ «የኛ» የሚለውን ቡድን በሜዳ ማየት ካማረው በስተደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሮቢትንና ጎብዬን አልፎ ወልድያ መሄድ ነበረበት። አርሰናልንና ማንችስተር ዩናይትድን ለማየት ግን ዲኤስቲቪ ካለበት ሻይ ቤት አልፎ መሄድ አያስፈልገውም። የለንደኑ ክለብ የቀረበው፣ የአገር ልጁ የራቀው ለምንድን ነው? መልሱ የመቶ ዓመት ያህል ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ የትውልድ ከተማን ክለብ መደገፍ ዘግይቶ ተወለደ፤ ሳይጠና ፖለቲካ ተጫነው፤ ቀጥሎም ሜዳውን አጣ።

ከእግር ኳስ በፊት ገና ነበር። ጫፉ የቆለመመ በትርና ሩር የሚባለውን ኳስ ይዞ የወጣው ጎረምሳ ለሰፈሩ ወይም ለአጥቢያው ይጫወታል፤ ዳር የቆመው ሽማግሌም ትናንት በዚያው ሜዳ ሩር የመታ ነው። ተጫዋችና ደጋፊ የአንድ መንደር ሰዎች ስለሆኑ «ክለቡ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጨዋታው ደንበኛ ሕግ ባይጻፍለትም ወሰን ነበረው። በዕለቱ ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ፣ በትር እግር ቢሰብር እንኳ ቂም አይያዝም። ፉክክሩ በበዓሉ ይጀምራል፣ በበዓሉ ያበቃል።

እግር ኳስ በክለብ መልክ የመጣው ግን ከመንደር አልነበረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ፣ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲመሠረት የአዲስ አበባ ልጆች ቡድን ነበር። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ከጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን ሲሆኑ፣ ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቀጥሎ የመጣው የመሥሪያ ቤት ዘመን ነው። ጦር ሠራዊቱ፣ ፖሊሱ፣ መብራት ኃይሉ ሁሉ ቡድን አቋቋመ። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ብቻ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1968 ዓ.ም. የቡና ሠራተኞች የመሠረቱት ቡድን ዛሬ ኢትዮጵያ ቡና የምንለው ነው። በዚህ ሥርዓት ሰውን ከቡድን የሚያገናኘው ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅት ነበር። የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ ለሚያበቅል የራያ ገበሬ ልጅ በዚህ ውስጥ ቦታ አልነበረም። ፋብሪካ የሌለበት አገር ክለብም የለውም።

የከተማ ስም የያዙ ክለቦች ጎልተው የወጡት ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሳ በዚህ ሊግ ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. ደገመው። ሌሎች ከተሞችም ተነሡ። ሆኖም የአብዛኞቹ ገንዘብ የሚመጣው ከመንግሥት ካዝና እንጂ ከደጋፊ መዋጮ አይደለም። ደጋፊው ስሙንና ጉሮሮውን ሰጠ፤ ክለቡ ግን የሹሞቹ በጀት ልጅ ሆኖ ቀረ። ከንቲባ ሲቀየር አሠልጣኝ የሚቀየርበት፣ በጀት ሲዘገይ ተጫዋች ልምምድ የሚያቆምበት ጣጣ ከዚህ ይመነጫል።

ወልድያ በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅላ በዚያው ዓመት ወረደች፤ በ2009 ዓ.ም. ተመለሰች። የዚያ ዓመት ጥር ለሰሜን ወሎ ልዩ ነበር። በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሠራውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። ለቆላው ሰው ወቅቱ ራሱ ይመቻል፦ ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ተቆርጦ ተወቅቶ ጥር ሲገባ እጅም ጊዜም ይፈታል። ወጣቱ አዋጥቶ መኪና ይዞ መሄድ ይችላል። በአገሩ ምድር፣ በራሱ ቋንቋ የሚጮህበት ትልቅ ሜዳ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ደስታው ዓመት አልሞላም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ መቀሌ ከተማን ልታስተናግድ ቀጠሮ በያዘችበት ዕለት ግጭት ተነሥቶ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ። ይህን ጉዳይ ከራያ ሆኖ ለሚያየው ሕመሙ ድርብ ነው። ከመቀሌ ወደ ወልድያ የሚወርደው መንገድ በማይጨው፣ በአላማጣና በቆቦ በኩል ያልፋል። ለቆቦ ከወልድያ ይልቅ አላማጣ ትቀርባለች። የሁለቱ ከተሞች ሰው ተጋብቶና ተዋልዶ፣ በአንድ ጉማዬ ጨፍሮ የኖረ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሁለት ክልል ቢከፈልም ገበያውና ለቅሶው አልተከፈለም። የክለብ ማልያ የክልል ባንዲራ ሆኖ ሲለበስ ግን በአስተዳደር ካርታ ላይ የነበረው መስመር በቤተሰብ መሃል ተሰመረ። የገና ጨዋታ የነበረው ወሰን፣ ማለትም ጠብን በሜዳውና በዕለቱ የሚያስቀር ልማድ፣ ወደ ስታዲየሙ አልተሻገረም። በዚያው የውድድር ዓመት ወልድያ ከሊጉ ወረደች።

ከዚያ የመጣውን ኳስ አይገልጸውም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ በጳጉሜን ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ወልድያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ቆየች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ቆቦ ዳግም ተያዘች። በሜዳው ዳር ይቆም የነበረው ትውልድ መሣሪያ ያነሣ፣ የተሰደደና የተቀበረ ትውልድ ሆነ።

በዚሁ መካከል ሊጉ ራሱ ተቀየረ። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝና የሱፐርስፖርት ስርጭት ተገናኝተው ክለቦቹ በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀረና ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ ተካሄደ። ፋሲል ከነማ በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን ጎንደር አንድም የሊግ ጨዋታ አላስተናገደችም። ከዚያ በኋላ በተመረጡ ከተሞች መጫወቱ ሲቀጥል፣ በ2014 እና በ2015 ዋንጫውን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 መድን ወሰዱት። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ግን የከተማ ደጋፊ ጩኸት ለክለቡ የሚያስገኘው ጥቅም በጠፋበት ዘመን እንደ ንግድ ባንክና መድን ያሉ የመሥሪያ ቤት ክለቦች ወደ ላይ መመለሳቸው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

ክለቡን የተነጠቀ ከተማ በሌላውም ዓለም አለ። ቤዝቦል ሃይማኖቱ የነበረው የብሩክሊን ሰፈር ዶጀርስን እ.ኤ.አ. በ1957 መጨረሻ ለሎስ አንጀለስ አስረክቧል፤ የቡድኑ ስታዲየም ኤቤትስ ፊልድ በ1960 ፈረሰ። የለንደኑ የእግር ኳስ ክለብ ዊምብልደን ወደ ሌላ ከተማ እንዲሄድ ሲፈቀድለት ደጋፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002 የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። የእነዚያ ኪሳራ በግልጽ የሚታይ ነው፤ ቡድኑ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። የኛው ጠንከር የሚለው ስሙ በከተማው ቀርቶ ጨዋታው ስለሚሄድ ነው። የሚቃወመውን ያጣ ደጋፊ ስሜቱ ቀስ በቀስ ይበርዳል።

ክለቦች በየሜዳቸው ይጫወቱ ሲባል የ2010 ዓ.ም. ኅዳር ይጠቀሳል፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሜዳን መዝጋት ደጋፊን አያስተምርም። መዋጮ የሚከፍል፣ የክለቡን አመራር የሚመርጥ፣ እንግዳ ቡድን ሲመጣ ተቀብሎ የሚሸኝ፣ ጥፋትም ሲደርስ አብሮ የሚጠየቅ አባል ካልተፈጠረ ማልያው የማንም ሹም መሣሪያ ይሆናል። ወልድያ ነገ ፕሪሚየር ሊግ ብትመለስና የቆቦው ወጣት ጨዋታዋን ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ በስክሪን የሚያይ ከሆነ፣ ለእሱ ከአርሰናል የሚለያት ስሟ ብቻ ነው።