የሃምቡርግ የልማት ተነሺዎች

ሃምቡርግ የሄደ እንግዳ ወደቡን በጀልባ ሳይዞር አይመለስም። እኔም በቅርቡ ዞሬያለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የወደቡን አስጎብኚዎች በአካባቢው ቋንቋ «ሄ ሉኽት» ይሏቸዋል፤ «ይዋሻል» ማለት ነው። ድሮ ወዛደሮቹ ጀልባዋ በአጠገባቸው ስታልፍ ለተሳፋሪው እየጮኹ የሚናገሩት ነበር ይባላል። የእኛው አስጎብኚ ቀልድ አዋቂ ነው፤ ዋሸ አልልም። ዘለለ ግን እላለሁ። ያስተማርኳችሁ ልጆች ታውቁኛላችሁ፣ ትልቅ ሕንፃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከዚህ በፊት እዚህ ማን ነበር?» ብዬ ነው። የዘለለው እሱን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሃምቡርግ ከባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ በኤልበ ወንዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቢሆንም የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እዚያ ድረስ ይደርሳል፤ ውኃው በቀን ሁለቴ ከ3 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጀልባዋ ወደ አሮጌው የመጋዘን ሰፈር፣ ወደ ሽፓይኸርሽታት፣ የምትገባው ሰዓት ጠብቃ ነው። ውኃው ሲጎድል መሬት ትነካለች፣ በጣም ሲሞላ ደግሞ በድልድዮቹ ሥር አታልፍም። ግራና ቀኙ ቀይ ጡብ ነው። ከላይ የዕቃ ማንሻው ተሰቅሏል፤ ቡና፣ ሻይ፣ ቅመም፣ ምንጣፍ በዚያ እየተሳበ ወደ ፎቅ ይገባ ነበር። ቡናችንን በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ጀርመን ስለሆነች፣ ይህ ወደብ ለእኛም ባዳ አይደለም። ዩኔስኮ ሰፈሩን በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እንግዲህ ከመጋዘኖቹ በፊት እዚያ ሰው ይኖር ነበር። ሃምቡርግ የጀርመን የጉምሩክ ክልል ውስጥ የገባችው በ1888 ነው። ነጋዴዎቿ በምትኩ ያገኙት ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚራገፍበትና የሚከማችበት ነፃ ወደብ ነበር። ነፃ ወደብ ደግሞ ነዋሪ አይፈልግም፤ ሰው ካለ ያልተቀረጠ ዕቃ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ከ1883 ጀምሮ ሰፈሩ ፈረሰ። ከ1,000 በላይ ቤቶች፣ ወደ 20,000 ሰው! «የልማት ተነሺ» የሚለው ቃል ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ምትክ መኖሪያ ግን አልተሠራላቸውም።

ሀብታሙ ዳር ወጥቶ ሰፋ ያለ ቤት ሠራ። ወዛደሩ ግን መራቅ አይችልም፤ የቀን ሥራ የሚገኘው ወደቡ አካባቢ፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ቢራ ቤት ውስጥ ነው። ያልቀናው ቀኑን ሙሉ ስለሚጠብቅ ቅርብ መኖር አለበት። ስለዚህ ብዙው በቀሩት ጠባብ መንደሮች ውስጥ ተጨናንቆ ገባ።

ከዚያ 1892 መጣ፣ የእኛ ክፉ ቀን ማብቂያው ገደማ ማለት ነው። በነሐሴ ወር ሃምቡርግ ላይ ኮሌራ ገባ፤ 8,600 ያህል ሰው ሞተ። ከተማዋ የወንዙን ውኃ ሳታጣራ ነበር ለነዋሪው የምታድለው፤ የማጣሪያው ሥራ በወጪ ክርክር ለዓመታት ተጓቷል። ልብ በሉ፣ ከአጥሯ ማዶ ያለችው አልቶና ውኃዋን የምትቀዳው የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች ነበር። በአሸዋ ስለምታጣራው ግን አብዛኛው ሕዝቧ ተረፈ። ሹማምንቱ መርከብ ይቀርብናል ብለው በሽታውን ለማሳወቅ ዘገዩ። በብዛት የሞተው ድሃው ነው፤ የተዘጋው ግን የሁሉም ወደብ ነው። ማጣሪያው በ1893 ተጠናቀቀ።

በ1896፣ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ በኅዳር የወደቡ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ወደ 17,000 የሚጠጋ ሰው ለ11 ሳምንት በብርድ ቆመ። ተሸንፈው ነው የተመለሱት። ሆኖም ከተማው ከዚያ በኋላ ኮሚሽን አቋቁሞ ኑሯቸውን ለማጥናት ተገደደ።

«ያ የድሮ ነው» የሚል ካለ፣ ወደ ዛሬው ወደብ ልውሰዳችሁ። አልተንቨርደር የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ወደቡ እንዲሰፋ ተብሎ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነዋሪው ተነሳ፤ የመጨረሻዎቹ የወጡት በ1998 ነው። በ2002 በቦታው የኮንቴይነር ተርሚናል ተከፈተ። ኮንቴይነሩን ከክሬን ሥር ተቀብለው የሚያመላልሱት ሾፌር የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ናቸው። ከመንደሩ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑና የመቃብር ስፍራው ነው፣ ከኮንቴይነሮቹ አጠገብ።

ልማት ይቅር እያልኩ አይደለም። ያ ወደብ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ እኛም ቡናችንን የምንሸጠው በእንዲህ ያለ ወደብ በኩል ነው። የምለው ሒሳቡ ሲሠራ የተነሺው ኑሮ አብሮ ይቆጠር ነው። ሳይቆጠር ሲቀር ዕዳው አይጠፋም፤ በሌላ ስም ይመጣል። ሃምቡርግ ላይ በበሽታና በሥራ ማቆም መጣ።

እስኪ እናንተም ሥሩ ላይ ጻፉልኝ። ያደጋችሁበት ሰፈር ከፈረሰ ስሙ ማን ነበር? ወፍጮ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ዕድሩ የት ጋ ነበር? ጎረቤቶቻችሁስ ወዴት ሄዱ? እኛ ካልጻፍነው አስጎብኚው አይነግርልንም።