ድርብ ምስል በአራዳ፦ የፎቶግራፍ ቅንብር ከጨለማ ክፍል እስከ ፎቶሾፕ

ፎቶግራፍ ማቀነባበር፣ ማለትም በተለያየ ጊዜና ቦታ የተነሡ ምስሎችን አጋጥሞ እንደ አንድ ማውጣት፣ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ጥበብ ተደርጎ ይታሰብ እንጂ ዕድሜው ከፎቶግራፍ ዕድሜ ብዙም አያንስም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ኦስካር ሬይላንደር ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን፣ ማለትም ብርሃኑ ጠቁሮ ጥላው ነጥቶ የተቀረጸባቸውን መስታወቶች፣ አንድ በአንድ በወረቀት ላይ እያተመ ብዙ ሰዎች የሚታዩበት ሰፊ ትዕይንት ሠርቷል። በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ታሪክ የሚጀምረው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከነበረው ከአራዳ ገበያና ከዙሪያው ነው፤ ከውጭ የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ቀድመው ሱቅ የከፈቱበትና ጣሊያኖች በኋላ ፒያሳ ያሉት ሰፈር እሱ ነውና።

በ1890ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሲሆን፣ ሥራው ከእርሱ ወደ ልጁ ሃይጋዝ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ልጁ ቶኒ ተላልፎ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቋል። በዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ መሆን ካሜራ ከመያዝ ብዙ የሰፋ ሙያ ነበር፤ ባለሙያው ፊልሙን በጨለማ ክፍል ያጥባል፣ የፊት ጉድፍን በተሳለ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ያርማል፣ ጥቁርና ነጩን ምስል በብሩሽ ቀለም ያለብሳል፤ ሁለት ምስል ማጋጠምም ከዚሁ የእጅ ሥራ የሚቀጥል እንጂ የተለየ ተንኮል አልነበረም። አሠራሩ በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው፣ የሌንሱን ግማሽ በጥቁር ወረቀት ከልሎ ማንሣትና ከዚያ ወረቀቱን ወደ ሌላው ግማሽ አዙሮ በዚያው ፊልም ላይ እንደገና ማንሣት ሲሆን፣ በዚህ መንገድ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ የታተመውን ሥዕል በምላጭ ቆርጦ በሌላ ሥዕል ላይ መለጠፍ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በብሩሽ ማለስለስ፣ በመጨረሻም ሁሉንም እንደገና በካሜራ ማንሣት ነው። ይህ የመጨረሻው ማንሣት ለታሪክ ጸሐፊ ትልቁ ነገር ነው፤ አዲሱ ኔጋቲቭ ምላጩን፣ ሙጫውንና ብሩሹን ሁሉ ውጦ አንድ ወጥ ምስል ብቻ ስለሚያስቀር፣ መጋጠሚያውን ለማግኘት የሚቀሩት ምልክቶች ጥቂት ናቸው፦ በአንዱ ፊት ላይ ከግራ፣ በሌላው ላይ ከቀኝ የሚወድቅ ብርሃን፣ ከአንገቱ ጋር የማይመጣጠን ራስ፣ መሬት ላይ ጥላ የሌለው እግር።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በዚህ ጥያቄ እጅግ የሚነሣው የልጅ ኢያሱ ፎቶግራፍ ነው። የምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ የነበሩት ልጅ ኢያሱ ከሙስሊም መሪዎች ጋር የነበራቸው ቅርበት በመኳንንቱና በቤተ ክህነቱ ዘንድ ጥርጣሬን ያስነሣ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን እንዳያዘነብሉ የሰጉት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖችም ግፊት ያደርጉ ነበር። በዚህ ውጥረት መካከል ልጅ ኢያሱ ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳያቸው ፎቶግራፍ እስልምናን ለመቀበላቸው ማስረጃ ተብሎ ተሠራጨ ይባላል፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ዘውዲቱ ምኒልክ ሲነግሡም ዋናው ክስ ሃይማኖትን መካድ ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሥዕሉን ሆን ተብሎ የተቀነባበረ ሲሉት፣ ሌሎች ደግሞ ልጅ ኢያሱ በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ ሲዘዋወሩ እንደ አገሬው ይለብሱ ስለነበር ማቀነባበር አያስፈልግም ነበር ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በመጨረሻው ኅትመት ላይ ብቻ ሲሆን፣ ምስሉ ከስንት ቁራጭ እንደተሠራ፣ ወይም ጨርሶ እንዳልተሠራ፣ ሊመሰክር የሚችለው የመጀመሪያው ኔጋቲቭ ነበር። አልባሳትን የክህደት ማስረጃ ማድረጉ ግን፣ ሥዕሉ እውነተኛም ይሁን ሐሰተኛ፣ በልጅ ኢያሱ ላይ የተፈጸመ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የቅንብር ሥራ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የከተማው ሰው መደሰቻ ሆነ። ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ያገኘው ውቤ በረሃ የተባለው ሰፈር በጠጅ ቤቶቹና በሌሊት ሕይወቱ በታወቀበት ዘመን፣ ከፍ ብሎ በፒያሳ የነበሩት ፎቶ ቤቶች የከተማዋን ወጣት በተሳለ መጋረጃ ፊት እያቆሙ ያነሡ ነበር፤ በዘመኑ የቤተሰብ አልበሞች ውስጥ በልብ ቅርጽ የተከበቡ ጥንዶች፣ ራሱን ከሁለት ወገን የሚያይ ጎረምሳ አይታጡም። ማንም አልተታለለባቸውም፤ ባለ ፎቶውም ተመልካቹም ቅንብር መሆኑን ያውቁ ነበር።

ቅንብር እንደገና ለመንግሥት ለውጥ ያገለገለው በዚሁ ሰፈር ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከፒያሳው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥርጭቱን ያስተላልፍ የነበረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ የቀረጸበትን ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ሲያሳይ፣ በረኀብተኞቹ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣዎች ተሰክተው ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በማግሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ይህ ምስልን በምስል ላይ ሳይሆን ምስልን ከምስል ቀጥሎ ማስቀመጥ ነው፤ ረኀቡም ግብዣውም እውነት ሆነው ሳለ ፍርዱን የሰጠው አቀማመጣቸው ነበር።

የኖል ወንድማማቾች፣ ቶማስና ጆን፣ የፈጠሩት ፎቶሾፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ለገበያ ቀርቦ፣ በ1994 የወጣው ሦስተኛው እትም ሌየር የሚባለውን አሠራር ይዞ መጣ። ሌየር ማለት እያንዳንዱ ምስል አንዱ በሌላው ላይ እንደተነባበረ መስታወት ለብቻው የሚቀመጥበት መንገድ ነው፤ ባለሙያው አንዱን ሲያንቀሳቅስ ወይም ሲያደበዝዝ ሌላው አይነካም። ማስክ የሚባለው መከለያ ደግሞ ጥቁር በተቀባበት ቦታ ምስሉን ይሸፍናል፣ ነጭ በሆነበት ይገልጣል፤ የተሸፈነው ስላልጠፋ በኋላ መመለስ ይቻላል። በሌንስ ፊት ይያዝ የነበረው ጥቁር ወረቀት ይሠራ የነበረውን ሥራ ይሠራል፣ ልዩነቱ ግን ከፍተኛ ነው፤ የጨለማ ክፍሉ ቅንብር ሲያልቅ ቁራጮቹን ያጠፋ ነበር፣ የሌየሩ ፋይል ግን የቅንብሩን ታሪክ በውስጡ ይይዛል።

ይሁንና የሠርግ አልበም የሚሠሩ ኮምፒውተር ቤቶች ለደንበኛ የሚሰጡት፣ በማኅበራዊ መገናኛም የሚዘዋወረው፣ ንብርብሮቹ ተጨፍልቀው አንድ የሆኑበት ቅጂ ነው፤ ዋናው ፋይል በሠራተኛው ኮምፒውተር ይቀርና ማሽኑ ሲበላሽ ወይም ሲሸጥ አብሮ ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍልና የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሰው ነዋሪውና ነጋዴው ሲበተን፣ የሰፈሩን የምስል ቅርስ የመሰብሰቡ ሥራ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና መሰል መዛግብት ቤቶች የዚህን ዘመን ፎቶግራፍ ሲረከቡ፣ ከታተመው ምስል ጋር ያልተጨፈለቀውን ፋይልና ቅንብሩ የተሠራባቸውን የመጀመሪያ ፎቶዎች አብረው ሊጠይቁ ይገባል።