በጉግስ ዘንግ ለምን ከኋላ ይወረወራል?

ጥር 25 ቀን የሰማዕቱ መርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር ሲከበር፣ አጅባር ሜዳ በፈረስ ይሞላል። ስለዚህ ቀን ሲወራም ሆነ ሲጻፍ ቀድሞ የሚነሳው የፈረሱ ጌጥና የፈረሰኛው ድፍረት ነው። እኔ ግን የፈረስ ጨዋታው የጉግስ ትልቁ ቅርስ ሕጉ ነው እላለሁ፤ በተለይም ዘንጉ ከየት አቅጣጫና በምን ኃይል ይወረወራል የሚለው። ድፍረት በየአገሩ አለ፤ ድፍረትን ያለ ደም ማሳየት የሚያስችል ሥርዓት ማበጀት ግን የብልህ ሕዝብ ሥራ ነው።

ማስረጃው ከጨዋታው ዕቃ ይጀምራል። ዘንጉ ብረት የለበትም። ጋሻው ከወፍራም ቆዳ የተሠራ፣ ክብ፣ መሐሉ ያበጠ ነው፤ ተሳዳጁ በግራ እጁ ይዞ፣ ኮርቻው ላይ እንዳለ ወገቡን ዞር አድርጎ ጀርባውንና ራሱን ይሸፍንበታል። አንዱ ወገን ሽምጥ እየጋለበ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፣ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ይህ አቀማመጥ እንዲያው የመጣ አይደለም። የሚጋልብ ፈረስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ሁለት ፈረሰኞች ፊት ለፊት ቢገናኙ የሁለቱ ፍጥነት ተደምሮ 80 ይሆናል፤ ዘንጉም ይህን ሁሉ ይዞ ፊት ላይ ያርፋል። ከኋላ ሲወረወር ግን ተሳዳጁም በዚያው ፍጥነት እየራቀ ስለሆነ፣ ጋሻው ላይ የሚያርፈው የወርዋሪው ክንድ ጉልበት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሕጉ የፈረሱን ኃይል ከምቱ ላይ ይቀንሳል።

ይኸው ሐሳብ በሌላ ዓለም፣ በሌላ ጨዋታ ተጽፎ ይገኛል። በ1887 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቺካጎ በተጀመረው ሶፍትቦል፣ የ12 ዓመት ልጆች ወርዋሪ ከመቺዋ የምትርቀው 12 ሜትር ያህል ነው። በሕጉም ኳሷን ከታች ወደ ላይ፣ እጇን ከዳሌዋ በታች አሳልፋ እንድትለቅ ትገደዳለች፤ እግሯም ከመወርወሪያው ሰሌዳ ተነሥቶ ወደፊት ከዘለለ በኋላ እንደገና መሬት ረግጦ ኃይል መጨመር አይፈቀድለትም። ኳሷ ማንንም ባትነካም ዳኛው ሕገወጥ ነው ይላል። የሚዳኘው ጉዳቱ ሳይሆን እንቅስቃሴው ነው፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ለልጅ አይጠቅምምና።

ጉግስ የጦር ልምምድ ነው፣ በሕግ ካለዘብነው ምኑን ጉግስ ሆነ? የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው። ደብረ ታቦር የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ መቀመጫ ነበረች፤ የየጁ ፈረሰኛ ደግሞ በዘመኑ የተፈራ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ራስ አሊና ደጃዝማች ውቤ የተዋጉት እዚሁ ነው። ነገር ግን ልምምድ መሆኑ ሕጉን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል፤ ፈረሰኛውን በልምምድ የሚያቆስል ጦር ለዘመቻ ማንን ይዞ ይወጣል? ከዚህም በላይ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ሲወድቁ፣ ከመንግሥት ወገን አውሮፕላን ተሰልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈረስ ውጊያ ዘመን እያበቃ ሄደ፤ የቀረን ጨዋታው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ሕጉን መጻፍ አያስፈልግም፣ የሽማግሌ ዳኝነት ይበቃል የሚል ነው። ልጁ ከእረኝነቱ ጀምሮ ፈረስ ላይ ባደገበት ዘመን በእርግጥ ይበቃ ነበር፤ ሕጉን ከአባቱ ክንድ ያየው ነበርና። ፈረስን በበዓል ቀን ብቻ የሚያገኘው የከተማ ወጣት ግን ያን ትምህርት ከየት ያመጣዋል? የቱርኮች ጂሪት ለጉግስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እነርሱ ፈረስ የመታ ነጥብ እንዲያጣ ብለው ጽፈዋል፣ ጨዋታውም አልሞተም። እኛም የፈረስ ጉግስን በባህል ስፖርት ውድድር ውስጥ አስገብተናል። የደቡብ ጎንደር አባት ፈረሰኞችና የባህል ስፖርት ባለሙያዎች ቀጣዩ ጥር ሳይደርስ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ከነጥብ አቆጣጠሩ በፊት የአወራወሩን ሕግ ለወጣቱ በጽሑፍ ያስጨብጡት። አጅባር የሚገባ ልጅ ሁሉ ልጓም ከመጨበጡ በፊት ይህን ይማር።