እጨጌ ቤትና የእግዚአብሔር እንግዳ

ጭንቅ የያዘውን እንግዳ ማስጠጋት ትሩፋት ነው ወይስ ግዴታ? ብዙ ሰው ትሩፋት ይመስለዋል፤ ቢያደርገው የሚመሰገንበት፣ ቢተወው ግን የማይጠየቅበት። የቀደሙት አባቶች ግን እንዲህ አላሰቡም። በወገራና በሰሜን ደጋ የመሸበት መንገደኛ ከሰው ደጅ ቆሞ ሲጣራ ስሙንና አገሩን አያስቀድምም፤ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል እንጂ። ይህ ቃል ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ፣ በዚህ አገር ዘመድ የለኝም ማለት ነው። ወርቁ ግን፣ የላከኝ ጌታ አለ፤ ብትመልሰኝም የምትመልሰው እርሱን ነው ማለት ነው። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ሲቀበለው፣ ቤቱ በእጁ ያለ አደራ እንደሆነ መመስከሩ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ በቆሎ ተማሪነት ከደጅ ደጅ የዞረ ሁሉ ይህን ትርጓሜ ከመምህሩ አስቀድሞ ከብርዱና ከውሻው ተምሮታል።

ይህ የየቤቱ ልማድ በጎንደር ከተማ ሥርዓት ሆኖ የታወቀ ሥፍራ ነበረው፤ ይኸውም እጨጌ ቤት ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አለቃ የሆኑት እጨጌ በከተማው መንበር ያዙ፤ ሰፈሩም በስማቸው ተጠራ። ጌታው የተቆጣው፣ ደመኛ የሚያሳድደው፣ ቀን የጣለው ሰው ከዚያ ሰፈር ከገባ የሚነካው አልነበረም። በዘመነ መሳፍንት ጎንደርን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ የጦር ወሬ በተሰማ ጊዜ የከተማው ሰው ገንዘቡንና ዕቃውን ጭምር ወደዚያ ያሸሽ ነበር። ያን ሰፈር ያስከበረው ነፍጥ አልነበረም። አጥሩ የአሳዳጁ ኅሊና ነበር፤ ጦረኛው ከደጁ ሲደርስ የሚያቆመው ከውጭ የተተከለ ሳይሆን በውስጡ ያለ ፍርሃተ እግዚአብሔር ነበርና።

የሥርዓቱ ሥር በኦሪት አለ። ለእስራኤል ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ታዝዘው ነበር፤ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ወዲህ፣ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ወዲያ። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው፣ ከተሞቹ ለእስራኤላዊው ብቻ አልነበሩም፤ በመካከላቸው ለሚኖረው መጻተኛም እኩል ነበሩ። ሁለተኛው፣ ወደ ከተሞቹ የሚያደርሰው መንገድ እንዲዘጋጅ ታዝዟል። ስለዚህ መማፀኛ አለ ማለት ብቻ አይበቃም፤ የሚሸሸው ሰው በሕይወት እንዲደርስ ማድረግም የሕጉ ክፍል ነው።

ምናልባት አንዳንዱ፣ እንዲህ ያለ ደጅ ወንጀለኛን አይሸሽግምን? ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኦሪትም ሳያውቅ የገደለውን ከሚያሳድደው ሰው አድናለች እንጂ አውቆ የገደለውን ከፍርድ አላዳነችም። መማፀኛ ፍርድን አያስቀርም፤ ቁጣን ያዘገያል እንጂ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገሩ ይጣራል፣ የደም ካሣ ይቆረጣል። ቁጣ ግን አንድ ጊዜ ከገደለ በኋላ ይግባኝ የለውም። ስለዚህ በጭንቅ ሰዓት ሥርዓቱ አስቀድሞ ደጅ መክፈት፣ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ነው።

ይሁን እንጂ በኅሊና የቆመ አጥር ኅሊና በጠፋ ጊዜ ይወድቃል። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አገርን አንድ ለማድረግ ብዙ የደከሙት ንጉሥ፣ በጎንደር ላይ ተቆጥተው ከተማውን አስዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ የደርቡሽ ጦር ጎንደር ገብቶ የተረፈውን አቃጠለ፤ ሕዝቡንም ማርኮ ወሰደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ከጥፋቱ ተረፈች። የታቦቱ ደጅ ካልተከበረ የእጨጌው ደጅ እንዴት ሊከበር ይችላል? የእጨጌነት መዓርግም በኋላ ከፓትርያርኩ መዓርግ ጋር ተዋሐደ፤ የጎንደሩ እጨጌ ቤትም ዛሬ መማፀኛ አይደለም።

እንግዲህ አጥሩ ከፈረሰ ግዴታው አብሮ ፈረሰን? አልፈረሰም፤ ወደ መጣበት ወደ እያንዳንዱ ደጅ ተመለሰ እንጂ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴ ያገኘውን ሰው እናስብ። ካህኑና ሌዋዊው የመቅደስ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የመቅደሱ ክብር በመንገዱ ዳር ለወደቀው አልጠቀመውም። ባዕዱ ሳምራዊ በቆመበት ስፍራ ቁስሉን አጠበ፣ በአህያው ጫነው፣ ለእንግዳ ቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ ተመልሶ ሊጠይቀውም ቃል ገባ። መማፀኛ በሌለበት መንገድ እርሱ ራሱ መማፀኛ ሆነ።

ይህ ነገር የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከምፅዋ ወገን የሚመጣው ነጋዴ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ በደባርቅና በዳባት በኩል ጎንደር ይገባ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ሰሜን ጎንደር በደረሰ ጊዜ በዚሁ መንገድ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ ወገን የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ደባርቅ ሸሸ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቀድሞ በማይ ዓይኒና በዓዲ ሐሩሽ ተጠልለው የነበሩ፣ ጦርነት የደረሰባቸው ኤርትራውያን ስደተኞች በዳባት አጠገብ አለምዋጭ በሚባል ሥፍራ እንዲሰፍሩ ሆነ። ራሱ የቆሰለ አገር ሌላ የቆሰለ ተቀበለ። ነገር ግን ሰፈር መስጠት የግዴታው መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። በድንኳን ውስጥ ያለውን ስደተኛ ሌሊት ቀማኛ ቢመጣበት፣ የጎረቤት ገበሬና የደብሩ ካህን ካልደረሱለት፣ ሰፈሩ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የእጨጌ ቤት ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው። ለእንግዳ የተከለለ ሥፍራ መልካም ነው፤ ሆኖም እኛን ከግዴታ ነፃ ለማውጣት የተከለለ አይደለም። በድንኳኑ ደጃፍ ሆኖ እንግዳ ይጠብቅ የነበረው የአብርሃም አምላክ የእኛንም ደጅ ክፍት፣ ጆሯችንንም ለሚጣራው ንቁ ያድርግልን።