ባቡር ያለፋት ኒቆዲሞስ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ዴንቨር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝና በወሬያችን መካከል፣ «ካንሳስ ውስጥ ኒቆዲሞስ የምትባል መንደር አለች፤ ጥቁር ገበሬዎቿ ጤፍ ዘርተው ሞክረው ነበር አሉ» አለችኝ። ሳምንቱ ራሱ ኒቆዲሞስ ስለ ነበር የቀለደችብኝ መሰለኝ። ቀልድ አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ማታ ማንበብ ጀመርኩ፤ ለብዙ ሌሊትም አልተውኩትም። ግጥም ልጽፍላት ነበር የተነሣሁት፤ ግጥሙ እምቢ ቢለኝ ታሪኳን እነሆ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

እኛ የምናውቀው ኒቆዲሞስ በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው፣ ሰው ከሸመገለ ወዲያ እንዴት ዳግመኛ ይወለዳል ብሎ የተጨነቀው የአይሁድ አለቃ ነው። የካንሳሷ መንደር ስሟን ከእርሱ ወሰደች የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ፣ የለም፣ ከአፍሪካ በባርነት ተግዞ መጥቶ በኋላ ነጻነቱን በገዛ ገንዘቡ ገዛ ከሚባልለት ከሌላ ኒቆዲሞስ ነው ይላሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ እኔም ልቋጨው አልፈልግም። ስሙን የመረጡት ሰዎች ሁለተኛ ልደት ይፈልጉ እንደ ነበር ግን አያጠራጥርም።

ጊዜው 1877 ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ 12 ዓመት ሆኖታል። የፌዴራሉ መንግሥት የመጨረሻ ወታደሮቹን ከደቡብ ያነሣው፣ ነጻ የወጡትንም ጥቁሮች ለቀድሞ ጌቶቻቸው ቁጣ የተዋቸው በዚያው ዓመት ነው። ምዕራቡ ግን መሬት አለው። በ1862 የወጣው ሕግ፣ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሰጣል። መሬቱ ከዚያ በፊት የማን እንደ ነበረ ሕጉ አይጠይቅም። ደብሊው አር ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ነጋዴና ደብሊው ኤች ስሚዝ የሚባል ጥቁር ሰው በግራሃም አውራጃ፣ በሰለሞን ወንዝ አጠገብ ቦታ ቀየሱ። ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የከተማ ኩባንያ አቋቋሙና ለጥቁር ዜጎች የጥሪ ወረቀት በተኑ። ጥሪው ኬንታኪ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከሌክሲንግተን አካባቢ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ተነሡ።

ባቡሩ የሚያደርሳቸው እስከ ኤሊስ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን የሚያስኬድ፣ ጎዳናም ዛፍም የሌለው የሣር ሜዳ ነው። በተከታዩ ጸደይ ከቄስ ባሏ ጋር የመጣችው ዊሊያና ሂክማን ጉዞውን በስተርጅናዋ ለጋዜጣ ተናግራለች፤ ያነበበው ሁሉ የሚያስታውሰውም የእርሷን ቃል ነው። ኤሊስ ሲደርሱ ኩፍኝ ገባባቸውና ከልጆቹ ጥቂቶቹ ሞቱ። የቀሩት አቅጣጫቸውን በኮምፓስ እያዩ፣ ሌሊት አውሬ እንዳይቀርባቸው እሳት እያነደዱ ተጓዙ። በመጨረሻም ወንዶቹ «ኒቆዲሞስ ደረስን!» ብለው ጮኹ። እርሷ አሻግራ ብታማትር ቤት የለም። የቱ ጋ ናት ብላ ባሏን ብትጠይቀው ከመሬት ሥር የሚወጣ ጭስ አሳያት። የኒቆዲሞስ ሰዎች ምድር ቆፍረው፣ እንደ ፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ዊሊያና አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት እዚያው ኖረች።

ከፊተኞቹ መጤዎች ብዙዎቹ ያዩትን አይተው ተመልሰዋል። ሂልንም በንዴት ሊሰቅሉት ፈልገውት ነበር ይባላል። የቀሩት የሚያርሱበት ከብት አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፤ ያንን ሥሩ የተቆላለፈ የሣር መሬት በአካፋና በመቆፈሪያ ገለበጡት። የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት እንዳለፉት ሲተረክ፣ ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሰዎች ሥጋቸውን አካፈሏቸው ይባላል። ኦሴጆች ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከካንሳስ ተገፍተው የወጡ ሕዝብ ናቸው። ከመሬቱ የተነቀለው፣ በመሬቱ ሊተከል የመጣውን መገበ። ስለዚህ ነገር ብዙ የተጻፈ አላገኘሁም፤ ለእኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ከባዱ እርሱ ነው።

በአሥር ዓመት ውስጥ ጉድጓዱ ከተማ ሆነ። ሆቴሎች፣ ሱቆች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ጋዜጦች ነበሯት። ከነዋሪዎቿ አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ፤ በግዛቱ ደረጃ ለእንዲህ ያለ ሹመት የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ባንክም ነበራት። ኑሮዬ ባንክ ቤት ስለሆነ ዓይኔ ከዚህ ቃል ላይ አልነሣ አለኝ። በዚያ ሜዳ መካከል፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ የገበሬ ስም በመዝገብ ላይ የሚጽፍ አንድ እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ ይታየኛል።

በ1887 የሆነውን ሳነብም መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። የሚዙሪ ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን በከተማቸው በኩል እንዲዘረጋ ለማባበል፣ የወረዳው ሕዝብ የ16,000 ዶላር ቦንድ እንዲወጣ በድምፁ አጸደቀ። ሥራዬ የብድር ማመልከቻ መመዝገብ፣ መያዣው ቤት ነው ወይስ መኪና ብሎ መጠየቅ ነው። ኬንታኪ ውስጥ ከ22 ዓመት በፊት መያዣው ሰው ነበር። ባሪያ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ለጌታው ብድር ዋስትና ሆኖ ይመዘገባል። እነዚያው ስማቸው ከዋጋ ተመን ጋር ተጽፎ የነበረ ሰዎች ዛሬ ተሰብስበው፣ ባለዕዳ መሆንን በራሳቸው ድምፅ መረጡ። ዕዳ ለመግባት መብት ማግኘት ደስታ ይሆናል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባቡሩ ግን አልመጣም። ሚዙሪ ፓሲፊክ ሐሳቡን ለወጠ። በ1888 የዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲድ ከወንዙ በስተ ደቡብ፣ ከኒቆዲሞስ ጥቂት ማይል ርቆ አለፈ። የሐዲድ ሠራተኞቹ ሰፈር ቦግ የምትባል ከተማ ሆነች። ነጋዴው ዕቃውን፣ አንዳንዱም ቤቱን ራሱን ነቅሎ ወንዙን ተሻገረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የጅቡቲው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከብዶት ከሥር፣ በቆላው ሲያልፍ፣ በ1902 ባዶ ሜዳ ላይ የበቀለች ከተማ ናት ድሬ። አያቴ ከሐረር ባቡሩን ተከትለው የወረዱ ነጋዴ ነበሩ፤ ስለ ሐረር ሲነሣ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም ነበር። እንግዲህ የኒቆዲሞስን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሁሉ ልቡ ለኒቆዲሞስ ያዝናል፤ እኔም አዝኛለሁ፤ ነገር ግን በትውልዴ የቦግ ልጅ ነኝ። ድሬ ለገሃር ላይ የባቡሩን ጩኸት እየሰማሁ ያደግኩት፣ የሌላ ከተማ ዝምታ ተከፍሎበት ነው። (ያ አሮጌ ባቡር በተራው ዝም ሲል ደግሞ እኛም ቀመስነው።)

ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች 1888 ላይ ሲደርሱ «ከተማዋ ሞተች» ብለው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሄዱት ሱቆቹ ናቸው፤ ገበሬዎቹ ግን መሬታቸውን ይዘው በዙሪያው ቀሩ፤ ስንዴያቸውን መዝራት አልተዉም። የሞተ ሰው ቤት አይሠራም። ኒቆዲሞስ ግን በ1907 የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሠራች፤ በ1918 ትምህርት ቤት ሠራች፤ በ1939 ደግሞ በአካባቢው የኖራ ድንጋይ የወረዳውን አዳራሽ ገነባች። የመጨረሻው የተሠራው መንግሥት ለሥራ አጦች ባቋቋመው ፕሮግራም ነው። ያውም 1939 ማለት ድርቁ፣ የአቧራው ማዕበልና የኢኮኖሚው ውድቀት አንድ ላይ ገበሬውን ከደቆሱበት ዘመን ማግሥት ነው። እውነተኛውን ጉዳት ያደረሰው ያ ዘመን እንጂ ባቡሩ ብቻ አይመስለኝም። ሰው ወደ ዴንቨር፣ ወደ ቶፒካ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ፈለሰ። ፖስታ ቤቱ በ1953 ተዘጋ፤ ትምህርት ቤቱም ተከተለ።

ያልተዘጋው በዓሉ ነው። ሰፋሪዎቹ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ኦገስት 1ን የነጻነት ቀን አድርገው ያከብሩ ነበር፤ ቀኑ በ1834 በእንግሊዝ የካሪቢያን ደሴቶች ባርነት የቀረበት ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ይበላል፣ ይጨፈራል፣ ኒቆዲሞስ ብሉስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድናቸው ይጫወታል፣ ሽማግሌ ይናገራል። የተበተኑት ልጆች በዓሉን ይዘው ተበተኑ። ዛሬም በጁላይ መጨረሻ፣ ከየአገሩ የልጅ ልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ይመለሳሉ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ እንደሚገባ ያለ ነው፤ ልዩነቱ፣ የሚጠብቃቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የመንደሯ ነዋሪ 14 ነበር። በዓሉ ሲደርስ ግን መንደሪቱ በመኪና ትጨናነቃለች። በ1996 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ አድርጎ የከለላትም ሰው የሚመለስባት ስለሆነች ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሕጉ ቃል ምን እንደሚል ለሕግ አዋቂዎች ልተው።

የጤፉ ነገር እውነት ነው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የካንሳስ ጥቁር ገበሬዎች ማኅበር አባላት የሆኑ የአካባቢው ገበሬዎች ጤፍ ዘርተው ነበር። ስንዴ የትልልቆቹ እርሻዎች ገበያ ስለሆነ፣ አነስተኛ ገበሬ በትንሽ መሬት የሚያተርፍበት እህል ፍለጋ ነው። ገበያ ይሆኑናል ያሏቸውም በየከተማው ያሉት የእኛ ሰዎችና ምግብ ቤቶቻቸው ናቸው። ጤፍ ድርቅ ይችላል፤ ዘሩ ግን ከማነሱ የተነሣ በንፋስ የሚጠፋ ነው። ያንን በአካፋ የተገለበጠ መሬት የእኛ እህል ነክቶታል ብዬ ሳስብ፣ ለምን እንደ ሆነ ባላውቅም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የአክስቴን ልጅ መልሼ ደወልኩላት። በጁላይ መጨረሻ ለበዓሉ ልትሄድ ወስናለች፤ እንጀራ ይዤ እሄዳለሁ ትላለች። ከዴንቨር ስትነሣ መንገዷ ሂል ሲቲን ያሳልፋታል። ሊሰቀል ነበር የተባለው ሂል በስሙ የመሠረታት ከተማ ናት፤ የአውራጃው ዋና ከተማም እርሷ ናት። ከዚያ ቀጥሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ትንሽ ገባ ብላ ቦግ አለች። እርሷ ቀጥ ብላ ኒቆዲሞስ መድረስ ነበር የፈለገችው። እኔ ግን ቦግ ላይ ወርዳ፣ ሐዲዱ ያለፈበትን ቦታ ጠይቃ እንድታይልኝ ለመንኳት።